ከኮር ዊሊያም እስከ ተራራው ግርጌ፦ የአንድ ጭነት መኪና ሹፌር ውሎ

ስንቅ አድራሽ በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ስሙ ብዙም አይነሣም። ስለ አንድ ዘመቻ በተወራ ቁጥር ቅድሚያ የሚሰጠው ለግንባሩ ሰው ነው፤ ዱቄቱን፣ ጨውንና ናፍጣውን ከኋላ ሆኖ ያደረሰለት ግን በአንድ መስመር ይታለፋል። በሰላማዊው ኑሮም ነገሩ ያው ነው። በሩቅ ገጠር የምትኖር እናት ጨው ስትገዛ ሱቁን ታያለች፣ ባለሱቁን ታመሰግናለች፤ ጨውን ተሸክሞ ጭቃና ጎርፍ ያቋረጠው መኪና ግን የጎማው ዱካ እንኳ በማግሥቱ ዝናብ ይጠፋል።

ይህንን በማሰብ በዛሬው ጽሑፋችን የሠራዊቱን አባላትና የቤተሰብ ዓምዳችንን የሚከታተሉ ባለቤቶቻቸውን ይዘን ወደ ጎረቤት አገር፣ ወደ ደቡብ ሱዳን እንጓዛለን። ለሥራ ጉዳይ በጁባ በሰነበትንበት ወቅት፣ ኮር ዊሊያም ከሚባለው ሰፈር ተነሥተው ሸቀጥ ወደ ገጠር ከሚያደርሱ አንድ ኢትዮጵያዊ ሹፌር ጋር ከንጋት እስከ ምሽት አብረን ውለናል። ስማቸውን እንድንጽፍ አልፈቀዱልንም። «የሹፌር ስሙ መኪናው ነው፤ እሱም ሲበላሽ ነው የሚጠራው» ብለው አሳቁን። እኛም ፈቃዳቸውን አክብረን «ሹፌሩ» እያልን እንቀጥላለን።

የሰፈሩ ስምና ጠባይ

«ኮር» በአካባቢው አረብኛ በበጋ ደርቆ በዝናብ ጊዜ የሚሞላ ጅረት ማለት ነው። ጁባ ውስጥና በዙሪያዋ በዚህ ቃል የሚጠሩ ቦታዎች ብዙ ናቸው፤ ምክንያቱም ከተማዋ የተቆረቆረችው ነጭ ዓባይ ባሕር ኤል ጀበል እየተባለ በሚፈስበት ዳርቻ ላይ ስለሆነ፣ ከዙሪያዋ ከፍታዎች የሚወርደው ውሃ ሁሉ በየኮሩ አድርጎ ወደ ወንዙ ይገባል። ኮር ዊሊያምም ከጦር ሰፈር ብዙ የማይርቅ፣ የወታደር ቤተሰቦች፣ ነጋዴዎችና የውጭ አገር ሠራተኞች ተቀላቅለው የሚኖሩበት ሰፈር ነው። በቆርቆሮና በሸንበቆ የታጠሩ ግቢዎች፣ ቀይ አፈር የለበሱ የማንጎ ዛፎች፣ በጠዋት የሚያንኳኳ የብረት በር ድምፅ፤ በወታደር ሰፈር ያደገ ሰው ባዕድነት የሚሰማው ቦታ አይደለም።

በዚህች ከተማ አብዛኛው ሕዝብ የቧንቧ ውሃ ስለማያገኝ ውሃ ከወንዙ እየተቀዳ በቦቴ መኪና ይታደላል። በዚህ ሥራ ላይ ከተሰማሩት መካከል ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ሹፌሮች ይገኙበታል። የእኛም ሹፌር ጁባ እንደገቡ የጀመሩት በውሃ ቦቴ ነበር። በኋላ ግን «ከተማ ውስጥ መዞር እግርን ያሳብጣል እንጂ ቤት አያሠራም» በማለት ወደ ጭነት ተዛወሩ። ዛሬ የሚያሽከረክሩት ስልሳ ኩንታል የሚጭን አይሱዙ ነው። ባለቤታቸውና ሦስት ልጆቻቸው ደብረ ብርሃን ናቸው። ትልቋ ልጅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት።

አንዲት ትንሽ ነገር ግን በቤተሰቡ ኑሮ ላይ የራሷ ጫና አላት። ደቡብ ሱዳን ሰዓቷን ከጥር 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሳለች። ስለዚህ በጁባ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሲሆን በደብረ ብርሃን 12 ሰዓት ነው። ሹፌሩ ሲነሡ ባለቤታቸው ቀድመው ተነሥተው እሳት አንድደዋል። «ሁልጊዜ ከእኔ ትቀድማለች» ሲሉን ሰዓቱን ብቻ ማለታቸው አልመሰለንም።

ከንጋት በፊት

ወሩ ግንቦት ነው። በዚህ አካባቢ ዝናቡ ከሚያዝያ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ ገበሬው ዘርቶ ገና ያላጨደበት፣ ጎተራ የሚራቆትበት ወቅትም ይኸው ነው። መንገዱ በሚከፋበት ጊዜ የመንገዱ አስፈላጊነት የሚጨምረው ለዚህ ነው።

ጭነቱ በዋዜማው ተጭኖ አድሯል። ከታች የጨውና የስኳር ጆንያ፣ ከላዩ የበቆሎ ዱቄት፣ ከኋላ ለብቻው በጣውላ ተከልሎ ሳሙናና የምግብ ዘይት። ዱቄት ከሳሙና ጋር ከተነካካ ሽታውን ይወስዳልና ሹፌሩ ጫኞቹን በዚህ ነገር አይምሯቸውም። አብዛኛው ሸቀጥ ጁባ የሚደርሰው ከሞምባሳ ወደብ ተነሥቶ ኬንያንና ኡጋንዳን አቋርጦ በኒሙሌ በኩል ነው። ከኒሙሌ እስከ ጁባ ያለው 192 ኪሎ ሜትር መንገድ በ2005 ዓ.ም. ግድም አስፋልት ሆኖ ሲጠናቀቅ ለአገሪቱ የመጀመሪያው ረጅም የአስፋልት መንገድ ነበር። በኬንያና በኡጋንዳ የሚነዳው በግራ፣ በደቡብ ሱዳን ደግሞ እንደ አገራችን በቀኝ ስለሆነ፣ ከዚያ የሚመጣው ሹፌር ድንበር ላይ እጁን ብቻ ሳይሆን ልማዱንም መለወጥ አለበት።

ሹፌሩ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ባትሪያቸውን ይዘው መኪናውን ዞሩ። የሞተሩን ዘይትና የራዲያተሩን ውሃ ተመለከቱ፤ ጎማዎቹን በመዶሻ እየመቱ በድምፃቸው አዳመጡ፤ ባሌስትራውን በእጃቸው ዳሰሱ። ረዳታቸው የባሪ ብሔረሰብ ተወላጅ የሆነ የጁባ ወጣት ነው። ሁለት ትርፍ ጎማ፣ ከመነዳሪ፣ ክሪክ፣ አካፋ፣ ሁለት ወፍራም ጣውላ፣ አንድ ጥቅል ገመድና ሃያ ሊትር የመጠጥ ውሃ መኖሩን በጣቱ እየቆጠረ አረጋገጠ። የጦር መኪና የነዱ አንባብያን ይህን ሥርዓት ያውቁታል። መንገድ ላይ የጎደለ ነገር መንገድ ላይ አይገኝም።

በመጨረሻ ስልኩን አነሡ። ንግግራቸው ከአንድ ደቂቃ አልበለጠም። «ልነሣ ነው። ከሦስት ሰዓት በኋላ አታገኚኝም። እስከ ነገ ቀትር ዝም ካልኩ ዝም በይ።» የዚህች ቃል ትርጉም ኋላ እንደርስበታለን።

ድልድዩና ገመዶቹ

ፀሐይ ብቅ ስትል ወንዙ ላይ ደረስን። በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራውና በግንቦት ወር 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የነጻነት ድልድይ 560 ሜትር ይረዝማል። ሥራው በታኅሣሥ ወር 2006 ዓ.ም. በጁባ በፈነዳው ጦርነት፣ ኋላም በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ በተነሣው ውጊያ ተቋርጦ እንደገና የተቀጠለ ነው። እስከዚያ ድረስ ከተማዋ ከምሥራቁ ዳርቻ ጋር የምትገናኘው በአንድ አሮጌ የብረት ድልድይ ብቻ ነበር። ከበታቹ የሚፈሰው ውሃ ካርቱም ላይ ከእኛው ዓባይ ጋር እንደሚገናኝ ስናስብ የአገር ናፍቆት ለጊዜው ቀለል አለልን።

ጉምቦን እንዳለፍን የቶሪት መንገድ ይጀምራል። ከጁባ ቶሪት ወደ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቶሪት ነሐሴ 12 ቀን 1947 ዓ.ም. የኢኳቶሪያ ጦር ወታደሮች ያመፁባት፣ በደቡብ ሱዳን የረጅም ጦርነት ታሪክ መነሻ ሆና የምትጠቀስ ከተማ ናት። ያንን የመጀመሪያ ጦርነት የቋጨው ስምምነት በየካቲት 19 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ አገሪቱ ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ የተነሣውን ጦርነት ለማብረድ የታደሰው ስምምነት ደግሞ መስከረም 2 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ሁለቱም አዲስ አበባ ላይ መፈረማቸው ለእኛ ልዩ ትርጉም አለው።

መንገዱ ጠጠርና አፈር ነው። በጥቁሩ መሬት ላይ ዝናብ ሲጥል እንደ አገራችን ዋልካ ጎማን ጠቅልሎ ይይዛል። ግራና ቀኙ ለዓይን የሚያምር ሣር ቢሆንም ሹፌሩ ከመንገድ ወጥተው ጥላ ፍለጋ አይሄዱም። ከ1975 እስከ 1997 ዓ.ም. በዘለቀው ጦርነት በዚህ አቅጣጫ ፈንጂ ተቀብሯል፤ ብዙው ቢጸዳም «ጸድቷል» የሚለው ወሬ ብቻ ለእግር ዋስትና አይሆንም። አምካኞች በየቦታው የሚያስቀምጡት ቀይ የተቀባ ድንጋይ አደጋን፣ ነጭ የተቀባው የጸዳውን ያመለክታል። ሹፌሩ ለረዳታቸው ያስተማሩት የመጀመሪያ ትምህርት ይኸው ነው። «መኪና ቢበላሽ እንኳ የምንተኛው መኪናው ሥር ነው እንጂ ሣሩ ውስጥ አይደለም።»

በየተወሰነው ርቀት በመንገዱ ላይ የተወጠረ ገመድ ያጋጥማል። ሰውየው ወረቀት ያያል፣ ይጠይቃል፣ ክፍያ ይቀበላል፣ ገመዱ ይወርዳል። ሹፌሩ አይቆጡም፤ ሞተር ያጠፋሉ፣ ወርደው ሰላምታ ይሰጣሉ፣ በጁባ አረብኛ ስለ ዝናቡና ስለ ከብቱ ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ስለ ገንዘቡ ይነጋገራሉ። የከፈሉትን በሙሉ በደብተራቸው ይጽፉታል። ይህ ሒሳብ የት እንደሚያርፍ ጠየቅናቸው። «ጨው ላይ» አሉን። «እኔ ከነጋዴው እቀበላለሁ፣ ነጋዴው ከሴትዮዋ ይቀበላል። ገመዱን የምትከፍለው ገመዱን አይታው የማታውቀው ሴትዮ ናት።» ስለ ዋጋ ንረት ካነበብነው ብዙ ጽሑፍ ይህች አጭር መልስ ነገሩን በይበልጥ ግልጽ አደረገችልን።

ንጋንጋላን አልፈን ወደ ሊሪያ ስንቃረብ ሜዳው ያበቃና ጥቁር የድንጋይ ኮረብታዎች ከመሬት ተነቅለው የቆሙ ይመስላሉ። እዚህ ላይ የስልኩ መስመር ተቆረጠ። ሹፌሩ ሰዓታቸውን ተመለከቱ፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ጎርፉ

ከዋናው መንገድ ወጥተን ወደ ተራራው ግርጌ በሚወስደው ጠባብ መንገድ ላይ አንድ ሰዓት ያህል እንደተጓዝን ከፊታችን ውሃ ገጠመን። በበጋ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት የአሸዋ ሜዳ ነበር አሉን፤ በዚያን ቀን ግን ተራራው ላይ በሌሊት የጣለው ዝናብ ቀይ ጎርፍ ሆኖ የዛፍ ግንድ እያንከባለለ ይወርድ ነበር።

ሹፌሩ መኪናውን ከፍ ካለው ቦታ ላይ አቁመው ረዳታቸውን ወገቡ ላይ ገመድ አሰሩት። ገመዱን እኛም ያዝን። ወጣቱ ረጅም ዱላ ይዞ መሬቱን እየፈተሸ ገባ፤ ውሃው ከጉልበቱ አልፎ ጭኑ ሲደርስ ሹፌሩ ጎትተው መለሱት። በዱላው ላይ የቀረውን የርጥበት ምልክት ከመኪናው ቸርኬ ጋር አስተያዩ። ከዚያም አንዲት ቀጭን እንጨት ከውሃው ዳር ተክለው ጥላ ሥር ተቀመጡ።

ጥቂት ቆይቶ ሌላ የጭነት መኪና ከኋላችን ደረሰ። በላዩ የተሳፈሩት ነጋዴዎች ቸኩለዋል። ገበያቸው ሊያመልጣቸው ነው። «ያንተ ከባድ ነው፣ ውሃው አይገፋህም፤ ቀድመህ ግባ፣ እኛ እንከተልሃለን» እያሉ ከበቧቸው። ከመካከላቸው አንዱ ስለ ወንድነት አነሣ። ሹፌሩ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ እንዲህ ሲሉ መለሱ፦ «የኔ ጭነት ዱቄት ነው። እኔ ከዳንኩና ዱቄቱ ከገባ መንደሩ ጦሙን ያድራል፤ ዱቄቱ ከዳነና እኔ ከገባሁ ደግሞ የሚነዳ የለም። ስለዚህ ሁለታችንም እዚህ እንቆያለን።»

በዚህ ጊዜ ልባችን በሁለት ሐሳብ ተከፍሎ እንደነበረ አንሸሽግም። ከውሃው ማዶ ያለው መንደር ከሦስት ሳምንት በፊት የመጣለት ዱቄት አልቆበታል። የአንድ ቀን መዘግየት ለልጅ የአንድ ቀን ረሃብ ነው። ከውሃው ወዲህ ደግሞ የደብረ ብርሃኗ ተማሪ አባት ተቀምጠዋል። የውትድርና ትምህርት ግዳጅ በሰዓቱ ይፈጸም ይላል፤ ያው ትምህርት ደግሞ ስንቁን ያላደረሰ አጃቢ ቢሞትም ግዳጁን አልፈጸመም ይላል። ሹፌሩ ይህንን ትምህርት በየትኛውም ክፍል ተቀምጠው አልተማሩም፤ ሆኖም ከእኛ ይበልጥ በተግባር ያውቁታል። ወደ ውሃ የሚገባ መኪና በክብደቱ ብቻ አይተማመንም፤ ጎርፉ ከጎማው ሥር አሸዋውን እየጠረገ ይወስዳልና ከባዱ መኪና ባለበት ይሰምጣል። ሞተሩ በአየር መሳቢያው ውሃ ከሳበ ደግሞ በሜዳ አይጠገንም።

ነጋዴዎቹ አጉረመረሙ፤ ሹፌራቸው ግን የእኛን ሹፌር እያየ ሞተሩን አጠፋ። አንድ ልምድ ያለው ሰው «አይሆንም» ሲል ከኋላው ያለው ወጣትም «አይሆንም» ለማለት ድፍረት ያገኛል።

አራት ሰዓት ተኩል ቆየን። ሻይ ተፈላ፣ ዳቦ ተቆረሰ። ሹፌሩ በየጊዜው ወደ ተከሏት እንጨት እየሄዱ ውሃው የሸሸውን መጠን በጣታቸው ለኩ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን ረዳቱ እንደገና ገባ፤ ውሃው ጉልበቱን አልደረሰም፣ ከሥሩም መሬቱ ድንጋይ ነበር። ጣውላዎቹ ለስላሳው ቦታ ላይ ተነጠፉ። መኪናው በዝቅተኛ ማርሽ፣ ማርሽ ሳይቀየርና ሳይቆም በዝግታ ተሻገረ። ሁለተኛው መኪና የእኛን ዱካ ተከትሎ አለፈ። ስለ ወንድነት የተናገረው ነጋዴ ወርዶ የሹፌሩን እጅ ሲጨብጥ አየን፤ የተናገረውን ግን አልሰማንም።

ባለሱቋ

መንደሩ የደረስነው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ልጆች የሞተሩን ድምፅ ሰምተው ከሩቅ እየሮጡ መጡ። ደንበኛዋ በዚያ አካባቢ ብቸኛ የሆነውን ሱቅ የሚያስተዳድሩ፣ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ ሴት ናቸው። በጦርነቱ ዘመን በ1984 ዓ.ም. በኬንያ በተቋቋመው በካኩማ የስደተኞች ጣቢያ ብዙ ዓመት ኖረው፣ ሒሳብ መያዝን እዚያ ተምረዋል። ደብተራቸው ከብዙ መሥሪያ ቤት መዝገብ ይልቅ ንጹሕ ነው።

ሹፌሩንና ረዳቱን ሰላም ካሉ በኋላ ሴትዮዋ ምንም ሳይናገሩ ጆንያዎቹን አንድ በአንድ በእጃቸው እየነኩ ቆጠሩ። ከኋላ በኩል አንድ የዱቄት ጆንያ ሸራው በቀደደበት ረጥቦ ተገኘ። ሹፌሩ ክርክር አላነሡም፤ የጆንያውን ዋጋ ከጭነት ኪራያቸው ላይ ቀነሱ። ሴትዮዋ ደግሞ ጆንያውን አልመለሱትም። ከፍተው የረጠበውን ለይተው ለዚያች ሌሊት ለሚበላው፣ ደረቁን ለሽያጭ አደረጉት። ኪሳራውንም በደብተራቸው ለሁለት ከፍለው ጻፉት። ሹፌሩ ሙሉውን ልክፈል ቢሉም «ዝናቡን አንተ አላመጣኸውም» ብለው እምቢ አሉ። ሁለት የተለያየ አገር ሰዎች ያለ ዳኛና ያለ ፊርማ እንዲህ ሲተማመኑ ማየት እጅግ ያስደስታል።

በሌሊት አይነዳም፤ ሹፌሩ ራታቸውን በልተው ጋቢናቸው ውስጥ ተኙ። ጋቢናው ውስጥ ከመስታወቱ በላይ የልጆቻቸው ፎቶግራፍ ተለጥፏል።

የዝምታ ውል

አሁን በጠዋት ወደ ሰማናት ቃል እንመለስ። «እስከ ነገ ቀትር ዝም ካልኩ ዝም በይ።» ሹፌሩ በኋላ እንዳስረዱን፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስልክ በተቋረጠ ቁጥር ባለቤታቸው እንቅልፍ አጥተው ያድሩ፣ ለዘመድ ሁሉ ይደውሉ፣ ልጆቹም ያለቅሱ ነበር። ሹፌሩ ደግሞ ይህን እያሰቡ መስመር ያለበት ኮረብታ ላይ ለመድረስ ሲሉ መሽቶ መንዳት ጀምረው ነበር። አንድ ሌሊት ገደል አፋፍ ላይ ከቆሙ በኋላ ከባለቤታቸው ጋር ተመካክረው ውል አደረጉ። የመንገዱ ስም፣ የደንበኛዋ መንደር፣ የመመለሻው ቀንና ጁባ ያለ አንድ ወዳጅ ስልክ ቁጥር ደብረ ብርሃን ባለው ደብተር ይጻፋል። በደብተሩ የተጻፈው ሰዓት እስኪያልፍ ድረስ ዝምታ እንደ መጥፎ ወሬ አይቆጠርም። ሰዓቱ ካለፈ የሚደወለው ለወዳጁ ነው፤ ለልጆቹ የሚነገረውም እሱ ከመለሰ በኋላ ነው።

ለሠራዊቱ አባላትና ለባለቤቶቻቸው ከዚህ ጉዞ ያገኘነው ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው። ግዳጅ ላይ ያለ ሰው ሁልጊዜ መደወል አይችልም፤ የት እንዳለም ሁልጊዜ መናገር አይፈቀድለትም። ቢሆንም ቤተሰቡ ዝምታውን እንዴት እንደሚተረጉም አስቀድሞ መስማማት ይቻላል። ለምን ያህል ጊዜ መጠበቅ እንደሚገባ፣ ጊዜው ሲያልፍ ማንን መጠየቅ እንደሚገባ፣ ለልጆች ምን መንገር እንደሚገባ ባልና ሚስት ከመለያየታቸው በፊት በአንድ ምሽት ሊጨርሱት የሚችሉት ጉዳይ ነው። የምትጨነቅ ሚስት ስሕተተኛ አይደለችም፤ ጭንቀቷ ግን ባሏን ወደ ጎርፉ እንዳይገፋው አስቀድሞ ልክ ሊሰጠው ይገባል። ባልየውም በበኩሉ ቃሉን ያክብር፤ መስመር ባገኘበት በመጀመሪያው ኮረብታ ላይ ሌላውን ሥራ ትቶ ይደውል።

በማግሥቱ ሹፌሩ ባዶ መኪናቸውን እየነዱ የሊሪያን ኮረብታዎች ሲያዩ መኪናውን አቆሙ። በጁባ አቆጣጠር ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ በደብረ ብርሃን አምስት ነበር። ከዚያኛው ወገን የመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ዱቄቱ ደረሰ ወይ?» የሚል ነበር።